በአዲስ አበባ ዙሪያ የፍለጋና ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኛ መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስልኬ አያርፍም። "ልጅ የድንጋይ ካባ ውስጥ ገባ።" "አባታችን ጠበል ብለው ወጥተው አልተመለሱም።" "ወንዙ ሞልቶ ሰው ወሰደ።" ወሬው በረድ ሲል ደግሞ ሌላ ዓይነት ስልክ ይመጣል። "እኔም ማገዝ እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ይላል ደዋዩ። አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ ያልቻለ ሰው ነው።

እኔ የእሳትና አደጋ ባለሙያ አይደለሁም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው በኩል የምኖር የሠፈር በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ከባለሙያዎቹ ኋላ ኋላ እየሄድኩ፣ አንዳንዴም እየተቆጡኝ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እንደመጣልኝ አስቀምጫለሁ።

እዚህ ዳር ዳሩን የሚያጋጥመው አደጋ ምን ዓይነት ነው?

ነፍስ አድን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በፊልም ያየውን ነው። ሄሊኮፕተር፣ ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው፣ ምናምን። የእኛ ሠፈር አደጋ እንደዚያ አያምርም። አብዛኛው የሚደርሰው ጉድጓድና ውሃ ላይ ነው።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ዙሪያዋ ሁሉ ተቆፍሯል። ድንጋይ የወጣበት ካባ አለ፣ ለሕንፃ መሠረት ተብሎ የተማሰ ቦታ አለ፣ ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት የተወው ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ውሃ ይሞላል። ላይ ላዩን ሲያዩት ኩሬ ነው። ዳሩ ግን እንደ ወንዝ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ አንድ እርምጃ ከሄዱ በኋላ መሬት የለም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች ቤት ናቸው፣ ከዝናቡ መለስ ሲል ፀሐይ ትወጣለች። የቀረውን መገመት አይከብድም።

ሁለተኛው የሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ነው። ሦስተኛው ወንዝ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ውሃ በቀበናና በአቃቂ በኩል ነው የሚያልፈው። ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶለት ሊሆን ይችላል። ጎርፉ ግን ይደርሰዋል።

ከዚያ በኋላ ነው የጠፋ ሰው ፍለጋ የሚመጣው። እንጦጦ፣ የረር፣ ወጨጫ፣ መናገሻ ሱባ ጫካ። የሚጠፋው ደግሞ ቱሪስት ብቻ አይደለም። ጠበል ሊጠመቅ መጥቶ ግራ የተጋባ ሕመምተኛ፣ መርሳት የጀመራቸው አዛውንት፣ ከብት ተከትሎ የሄደ ሕፃን ናቸው።

የመሬት መንቀጥቀጥስ የሚሉኝ አሉ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። እኛም ሌሊት ጋቢ ተከናንበን ግቢ ውስጥ ቆመናል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። መዘጋጀቱ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ ከቤታችሁ 200 ሜትር ላይ ያለ አጥር አልባ ካባ ካለ፣ እሱ ይቅደም።

የት ነው የምመዘገበው?

ቀላሉ በር ቀይ መስቀል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ ማለት ነው። በጎ ፈቃደኛ ይቀበላል፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠናም ይሰጣል። የአዲስ አበባ ቅርንጫፍ አለ፣ በኦሮሚያ ያሉትም ቅርንጫፎች አሉ። በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሌላው የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። እሳት የሚያጠፉት፣ ጉድጓድ የሚወርዱት፣ ጠላቂ ዋናተኞቹም እዚያ ናቸው። ቅርባችሁ ያለው ቅርንጫፍ ጣቢያ ሄዳችሁ "ለሠፈራችን ትምህርት ስጡን" በሏቸው። ብቻችሁን ከምትሄዱ ከእድራችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ብትሄዱ የተሻለ ትደመጣላችሁ። ይህን ከልምድ ነው የምነግራችሁ።

ሦስተኛው የራሳችሁ ወረዳ ነው። ወረዳው በጎ ፈቃደኛ ሲመዘግብ ችግኝ ተከላና ደም ልገሳ ላይ ያተኩራል፤ እሱም አይናቅም። ግን ስማችሁ አጠገብ "የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ" ወይም "ዋና የሚችል" የሚል እንዲጻፍ ጠይቁ። ክፉ ቀን ሲመጣ ያ መዝገብ ይፈለጋል።

ማዶ ያለው ሸገር ከተማ ነው፣ እዚህ አዲስ አበባ። የማን ጉዳይ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናቸው። የጠፋ ሰው ግን የአስተዳደር ወሰን አይቶ አይቆምም። ዳር ላይ የምትኖሩ ከሆነ የሁለቱንም ወገን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። በሰላሙ ቀን ሄዳችሁ ሰላም በሏቸው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ጫካ ውስጥ ሲያገኟችሁ የሚያውቁት ፊት ቢሆን ይሻላል።

ሌላው ነገር ቋንቋ ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ ብዙው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። ኦሮምኛ የሚችል ሰው በቡድናችን ውስጥ ገመድ ከያዘው ሰው እኩል ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ስንፈልግ ስሙን እየጠራን በአማርኛ "የት ነህ?" ስንል አመሸን። አንዲት እናት መጥተው "ኤሳ ጅርታ?" እያሉ ሲጣሩ ከቁጥቋጦ ሥር ድምፅ ሰማን። አጠገቡ ሁለት ጊዜ አልፈን ነበር።

ሥልጠና የለኝም። ኡኡታ ስሰማ ዝም ብዬ ብሮጥስ?

ሩጡ። ግን ከመግባታችሁ በፊት ቁሙ።

ይህን ስል "ባለሙያ እስኪመጣ እጃችሁን አጣጥፉ" ማለቴ አይደለም። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚደርሰው ሁሌም ጎረቤት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ኤክስካቫተር መጥቶ መቆፈር ከመጀመሩ በፊት በእጁ የቆፈረው የሠፈሩ ሰው ነው።

ግን ጎፋንም አስታውሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ጥቂት ቤቶች ተቀበሩ። ሰው እንደ ደንቡ ከየአቅጣጫው እየሮጠ መጣ። አካፋ ይዞ፣ ዶማ ይዞ፣ ባዶ እጁንም። እየቆፈሩ ሳሉ ከላይ የቀረው መሬት ሁለተኛ ተናደ። የሟቹ ቁጥር ከ200 በላይ ደረሰ። አብዛኞቹ ሊያድኑ የመጡት ናቸው። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ጥፋት አልሠሩም። ያጡት ነገር ቢኖር አንድ ሰው ነው፤ ወደ ላይ እያየ "ውጡ!" ብሎ የሚጮህ ሰው።

ስለዚህ ናዳ ላይ ከሆናችሁ ሥልጠና ባይኖራችሁም አንድ ሥራ አላችሁ። ከቆፋሪዎቹ ራቅ ብላችሁ ተዳፋቱን እዩ። አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ጠጠር መንከባለል ከጀመረ፣ ዛፍ ካዘመመ፣ የጠራ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ፊሽካ ንፉ። ሁሉም ይውጣ። ሰው ይቆጣችኋል፤ ይቆጣ።

ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ምን ላድርግ?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ታሪኩ ሁሌ አንድ ነው። አንድ ሰው ጉድጓድ ሊያጸዳ ወይም የወደቀ ዕቃ ሊያወጣ ይወርዳል። ዝም ይላል። ወንድሙ ይወርዳል። እሱም ዝም ይላል። ጎረቤት ይወርዳል። ከዚያ አንድ ግቢ ሦስት ድንኳን ይተክላል።

የሚገድለው ጥልቀቱ አይደለም፤ አየሩ ነው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ወደ 21 በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን አለ። ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ውስጥ ያ ይቀንሳል፣ በምትኩ ከባድ ጋዝ ታች ይተኛል። ሽንት ቤት ከሆነ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። የዚህ ጋዝ ክፋቱ መጠኑ ሲበዛ ሽታው መጥፋቱ ነው፤ አፍንጫን ያደነዝዛል። "አሁንማ አይሸትም" ብሎ የሚወርድ ሰው ይኼኔ ነው የሚሞተው። የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ አውርደው የሚያስነሱ አሉ። ጭሱ መውጫ የለውም።

ሻማ አውርዶ መሞከር የሚባለው ነገር አያስተማምንም። መርዙ እያለ ሻማው ሊበራ ይችላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ካለም ይፈነዳል። በአፍንጫ ላይ እርጥብ ነጠላ ማሰርም ኦክስጅን አይጨምርም።

ታዲያ ምን እናድርግ? 939 ደውሉ፤ የእሳትና አደጋ ስልክ ነው። የትንፋሽ መሣሪያ ያላቸው እነሱ ናቸው። ሰው ከአፋፉ አርቁ፤ ዳሩ ሊናድ ይችላል። ታች ያለው ሰው ከነቃ አናግሩት፣ ገመድ ወርውሩለት፣ ብብቱ ሥር እንዲያስር ንገሩት። ካልነቃ ማንም አይውረድ። ወንድሙን ያዙት። በኃይል ያዙት። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ወገቡን አቅፌ ይዤው እያለቀሰ እጄን ነክሶኛል። ጠባሳው አሁንም አለ። እሱም አለ፣ ሰላም ይለኛል።

ዋና በደንብ እችላለሁ። ውሃ ላይ ልጠቅም እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ከዳር ሆናችሁ። እየሰመጠ ያለ ሰው ያገኘውን ይይዛል። ያገኘው እናንተን ከሆነ አብራችሁ ትወርዳላችሁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቃል፦ "ወደኔ ና፣ እግርህን አንቀሳቅስ!" ቀጥሎ ረጅም እንጨት ወይም ነጠላ አቀብሉ፣ ደረታችሁን መሬት ላይ አስተኝታችሁ። ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰው ያንሳፍፋል። ገመድ ብታስሩበት ደግሞ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ። በየቤቱ ጀሪካን አለ። ካባ ያለበት ሠፈር ሁሉ ዳሩ ላይ አንድ ጀሪካንና 15 ሜትር ገመድ ቢሰቀል ብዬ ለየእድሩ ስለምን ኖሬያለሁ። አንዱ ሠፈር ሰቀለ። በሳምንቱ ጀሪካኑ ተሰረቀ። ቀዳዳ በስተው ቢሰቅሉት አይሰረቅም የሚል ሐሳብም መጥቶ ነበር፤ ሐሳቡን ያመጣውን ሰው ስም አልጠራም።

ጎርፍ የተለየ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚሮጥ ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ገመድ ወገባችሁ ላይ አስራችሁ አትግቡ። ገመዱ ሲወጠር ውሃው ወደ ታች ይቀብራችኋል።

ሰውየው ከወጣ በኋላ ካልተነፈሰ ሆዱን መጫን፣ ዘቅዝቆ ማራገፍ ቀርቷል። ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ ደረቱን መሐል ላይ ጫኑ። 30 ጊዜ ጫን፣ 2 ትንፋሽ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ይህን ከጽሑፍ አትማሩት፤ ቀይ መስቀል ሄዳችሁ አሻንጉሊቱ ላይ ተለማመዱ። ደረት መጫን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ሰው ሲጠፋ 24 ሰዓት መጠበቅ አለብን?

የለብንም። ይህን ወሬ ማን እንዳመጣው እንጃ። ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ ከሆነ አሁኑኑ ለቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ፤ የአዲስ አበባ ፖሊስ ስልክ 991 ነው። እንጦጦ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በክረምት ደግሞ ልብሱ የበሰበሰ ሰው ነፋስ ካገኘው ያለ ውርጭም ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። 24 ሰዓት ጠብቆ መውጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፍለጋው ራሱ እንዴት ነው የሚካሄደው?

እውነቱን ልንገራችሁ፦ አብዛኛው ጥያቄ መጠየቅ ነው። መቶ ሰው ጫካ ውስጥ ተበትኖ ስም ከሚጠራ፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ቤተሰቡን በደንብ ቢጠይቅ ይበልጣል።

መጨረሻ የታየው የት ነው? በስንት ሰዓት? ማን አየው? ምን ለብሷል፣ ምን ዓይነት ጫማ? መድኃኒት ይወስዳል? ከዚህ በፊት ጠፍቶ ያውቃል፣ የት ተገኘ? ተጣልቶ ነው የወጣው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ቤተሰብ ፊት አይመልሷትም። አንዱን ለብቻው ወደ ውጭ አውጥታችሁ ጠይቁት።

ሕፃናት ይደበቃሉ። ይተኛሉ። የማያውቁት ሰው ሲጮህ "ሊገርፉኝ ነው" ብለው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሕፃን ሲጠፋ መጀመሪያ ቤቱን ፈትሹ፦ አልጋ ሥር፣ በርሜል፣ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ከዚያ የጎረቤት ግቢና ጉድጓድ። መርሳት የያዛቸው አዛውንት ደግሞ ፊታቸው ወደዞረበት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ የሚያቆማቸው አጥር ወይም ቁጥቋጦ ነው። ብዙዎቹ ድሮ ወደኖሩበት ቤት ለመሄድ ነው የሚነሡት። "ልጅ ሳሉ የት ነበር ያደጉት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ፈጣኑ ፍለጋ ይመጣል። ሁለት ሁለት ሆኖ መንገዶቹን፣ ወንዙን፣ ጉድጓዶቹን ማየት ነው። ጎን ለጎን ተሰልፎ ጫካ መጥረግ የመጨረሻው ነው፤ ሰው ይፈጃል፣ ዱካ ያጠፋል። መጨረሻ የታየበት ቦታ አካባቢ አትረጋግጡ። ስም ጠርታችሁ ስታበቁ ዝም በሉና አዳምጡ። ይሄ ዝምታ ነው ለአዲስ ሰው የሚከብደው። ሁሉም መጮህ ይፈልጋል፣ መስማት የሚፈልግ የለም።

እንጦጦን የሚያውቀው ማነው? ከሁላችንም በላይ እንጨት የሚሸከሙት እናቶች ናቸው። የማይሄዱበት መንገድ የለም። የባሕር ዛፉ ቅጠል የት እንደሚያንሸራትት፣ ገደሉ የት እንደሆነ ያውቃሉ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡት አትሌቶች ናቸው። እነሱን ሳትጠይቁ ካርታ አትዘርጉ።

አንድ ሰው ደግሞ መነሻው ላይ ይቀራል። ደብተር ይዞ ማን፣ ከማን ጋር፣ ወዴት፣ በስንት ሰዓት ወጣ ብሎ ይጽፋል። ሥራው አይማርክም። እኔም የመጀመሪያ ፍለጋዬ ላይ "ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት" ብዬ ሳልጻፍ ሾልኬ ወጣሁ። አቋራጭ ያልኩት መንገድ ሸለቆ ውስጥ ከተተኝ፣ መሸ፣ ባትሪዬ ሞተ። የጠፉት አዛውንት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ። እኔን ለመፈለግ ደግሞ ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ተንከራተተ። አዛውንቱ ራሳቸው ጋቢ ተከናንበው ሻይ እየጠጡ "ይሄ ልጅ አልተገኘም?" ይሉ ነበር አሉ።

አቅሜ ደካማ ነው፣ ተራራ አልወጣም። ቦታ አለኝ?

አለ። ስልክ የሚደውል፣ ደብተር የሚይዝ፣ ቤተሰብ አጠገብ የሚቀመጥ፣ አምቡላንስ አስፋልት ላይ ጠብቆ መንገድ የሚመራ ሰው ያስፈልጋል። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ዳር ያለ ሠፈር የቤት ቁጥር የለውም፤ "ከወፍጮ ቤቱ በታች" ተብሎ ነው የሚነገረው። ባጃጅ ያለው ሰው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ቢመራቸው ብዙ ደቂቃ ይተርፋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ምን ይዤ ልምጣ?

የግንባር ባትሪ፣ ከነትርፉ። ስልክ ባትሪ አይደለም፤ ስልካችሁን ለመደወያ ቆጥቡት፣ ፓወር ባንክ ያዙ። ፊሽካ፤ ሦስት ጊዜ መንፋት "እርዱኝ" ማለት ነው። የሚይዝ ጫማ። የዝናብ ልብስ። ሹራብ፣ ቀን ላብ ቢያልባችሁም። አንጸባራቂ ሰደርያ። ውሃ። በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ። ካርታውን ኔትወርክ ሳይጠፋ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፣ ከሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለም።

ጋቢ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ለተገኘው ሰው አንድ አልተውም። ሲበሰብስ ይከብዳል፣ ስለዚህ ፌስታል ውስጥ ይሁን። ቃሬዛ ከእድር ይገኛል። ለሬሳ ነው ብሎ የሚያጉረመርም አይጠፋም፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ግን ሲያጉረመርም አላየሁም።

ድሮን አለኝ፣ ላስነሣው?

ያለ ፈቃድ አይሆንም። ድሮን ፈቃድ የሚጠየቅበት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ፈቃዱ ካላችሁ ንገሩን፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግረን እንጠራችኋለን። ከሌላችሁ ቤት ይቀመጥ።

ጅብስ?

አለ። ይጮኻል። በቡድን ከሄዳችሁ፣ ባትሪ ካበራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። እኔ የበለጠ የምፈራው ውሻ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። "ውሻው የጎረቤት ነው" ብላችሁ አትተዉት።

ይከፈላል?

አይከፈልም። የትራንስፖርትም ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው። ብትጎዱ ማን ያሳክማችኋል የሚለውን ግን ስትመዘገቡ ሳታፍሩ ጠይቁ። ሰው ይህን መጠየቅ ስስታምነት ይመስለዋል። አይደለም።

ቪዲዮ ልቅረጽ?

አትቅረጹ። እናት የልጇን ሬሳ ቲክቶክ ላይ ከእኛ ቀድማ ስታይ አይቻለሁ። የጠፋውን ሰው ፎቶ የሚለጥፈው ቤተሰቡ ወይም ፖሊስ ነው። ሰውየው ሲገኝ ደግሞ ልጥፉ ይነሣ፤ ከተገኘ ከዓመት በኋላ ሳይቀር ፎቶው የሚዞር ልጅ አለ።

ሰውየው ሞቶ ቢገኝስ? እችለው ይሆን?

እኔ አላውቅላችሁም። የመጀመሪያዬ አንድ ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል። የውሃ ድምፅ ስሰማ፣ ሰው ዕቃ ሲያጥብ ሳይቀር፣ ደረቴን ይይዘኝ ነበር።

ሬሳ ስታገኙ አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፤ ፖሊስ እስኪመጣ ጠብቁ። ለቤተሰብ መርዶ ማርዳት የእናንተ ሥራ አይደለም። ፊታችሁ እንዳይናገር ግን ተጠንቀቁ፤ ስትመለሱ ቀጥታ ወደ እነሱ አትምጡ።

ከዚያ በኋላ ያን ሌሊት ብቻችሁን አትሁኑ። እኛ ቡና እናፈላለን። የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ቆሎ ይቆረጥማል። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚል ሰው ካለ እሱን ነው ወደ ቤቱ የምንሸኘው። እንቅልፉና ቅዠቱ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ቡና አይበቃም፤ ሐኪም አማክሩ። ጥቂት ወራት አርፎ የተመለሰ አለ፣ ጨርሶ የተወም አለ። የተወው ሰው አሁንም ወዳጃችን ነው።

እናቴ እሺ አትልም። ምን ላድርግ?

የኔም አላለችም። ሸለቆ ውስጥ የማድር መስሏት ያን ቀን ምድር ቀውጢ ሆና ነበር የጠበቀችኝ። "ስምህን ሳታስጽፍ ነው የሄድከው?" አለችኝ። በሚቀጥለው ጥሪ ጫማዬን ሳስር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ መነሻው ላይ ደረሰች፣ ደብተሩን ከያዘው ልጅ ተቀበለች። እስካሁን አልመለሰችም። ስትመጡ ቀድማ የምትጠይቃችሁ ስም፣ ስልክ፣ ከማን ጋር እንደምትወጡና ምሳ መብላታችሁን ነው።